ካታማራን በብርቱ ነፋስ በአፍጢሟ እንዳትደፋ

ትንሽ ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ፣ የምትገለበጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ጎን ነው። በነፋሱ በኩል ያለው ቀፎ ከውሃው ቀስ እያለ ይነሳል፤ የሸራውን ገመድ የሚለቅ ሰው ካልተገኘ እየወጣ ሄዶ ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች። ይህ አገለባበጥ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ ከመራስ አያልፍም። ሁለተኛው ሌላ ነው። ከነፋሱ በተቃራኒ ያለው ቀፎ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይሰካል፣ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ኋላዋ ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ምሰሶዋም ወደፊት ይወድቃል። ጀልባዋን በክብደቱ ለማመዛዘን ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ፣ ማለትም በትራፒዝ፣ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የነበረው ሰው ምሰሶውን እንደ ፔንዱለም ዞሮ ምሰሶውን ከፊት ከሚይዘው ሽቦ ጋር ይላተማል። ነገሩ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ባሕርተኞች ፒችፖል ይሉታል። ለእኛ ግን ቃሉ ቀድሞውንም አለን፤ ጀልባዋ በአፍጢሟ ተደፋች።

ለምሳሌ የማነሳት ሆቢ 16ን ነው። በካሊፎርኒያ ሆቢ አልተር ካወጣቸው ጀልባዎች በዓለም ላይ እጅግ የተሰራጨችው እሷ ናት፤ በአፍጢም በመደፋትም ስሟ የታወቀ ነው። ርዝመቷ 5.05 ሜትር፣ ወርዷ 2.41 ሜትር፣ ክብደቷ 145 ኪሎ ያህል ነው። በዚህ አካል ላይ 8 ሜትር ምሰሶና 20 ካሬ ሜትር ገደማ ሸራ ትሸከማለች። ቀፎዎቿ እንደ ሙዝ የጎበጡ፣ አፍንጫዎቿም ቀጫጭን ናቸው። ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ የላትም፤ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት የቀፎዎቿ ቅርጽ ነው። ወርዷ ሰፊ በመሆኑ ወደ ጎን በቀላሉ አትወድቅም። ታዲያ ነፋሱ ወደ ጎን ሊጥላት ሲያቅተው የቀረው ደካማ ጎን አፍንጫዋ ነው።

ከዚህ በታች ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን የነፋስ ጎን፣ ተቃራኒውን የከለላ ጎን እላለሁ። አፍንጫን ወደ ነፋሱ መምጫ ማዞር ወደ ነፋስ መውጣት፣ ከነፋሱ ማራቅ ደግሞ ከነፋስ መሸሽ ነው።

የሚደፋት መቆሟ ነው

ብዙ ጀማሪ ጀልባዋን የሚደፋት የነፋሱ ብርታት ብቻ ይመስለዋል። ብርቱ ነፋስ ያስፈልጋል፤ የሚገለብጣት ግን በፍጥነት እየሄደች ሳለ በድንገት መገታቷ ነው። ይህ ነገር በደንብ ከገባ የተቀረው ምክር ሁሉ ራሱ ይከተላል። ስለዚህ ትንሽ ስሌት እንሥራ።

ነፋሱ 22 ኖት ነው እንበል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባዋ ነፋሱን ከኋላዋ ይዛ በ11 ኖት ትሄዳለች። ሸራው ላይ ያረፈው ነፋስ የሁለቱ ልዩነት ነው፤ 11 ኖት ብቻ። ለዚህም ነው ከነፋስ ጋር የሚሄድ ሰው አየሩ የረጋ የሚመስለው። አሁን አፍንጫዋ ከፊቷ ባለው ማዕበል ጀርባ ውስጥ ተሰካና ቆመች። በሸራው ላይ ያለው ነፋስ በቅጽበት 22 ኖት ይሆናል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በነፋሱ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠችው ጀልባዋ ናት።

በኪሎ ሲቆጠር ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በ11 ኖት 20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ የሚያርፈው ግፊት በግርድፉ 47 ኪሎ ያህል ነው፤ በ22 ኖት ወደ 188 ኪሎ ይደርሳል። ግፊቱ የሚያርፍበትን መካከለኛ ነጥብ ከውሃው 3.5 ሜትር ከፍታ ላይ ብናደርገው፣ አፍንጫዋን ወደ ታች የሚያዞረው ጉልበት ከ165 ወደ 658 ኪሎ-ሜትር ይዘላል፤ ኪሎ ሲባዛ በክንዱ ርዝመት ማለቴ ነው። ይህን የሚመክተው የጀልባዋና የሰዎቹ ክብደት ነው፤ 145 ሲደመር 150፣ በድምሩ 295 ኪሎ። የክብደቱ ማዕከል አፍንጫው ከሚንሳፈፍበት ነጥብ 2 ሜትር ያህል ቢርቅ መመከቻው 590 ላይ ያበቃል። 658 ከ590 ይበልጣል። አንዴ ከቆመች በኋላ ወደ ኋላ ሮጦ የሚያድናት ሰው የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከመቆሟ በፊት ያለው ሥራ ነው።

የሰው ክብደት የት ይሁን

ከላይ ባለው ስሌት በድምሩ 150 ኪሎ የሚመዝኑት ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ወደ ኋላ ቢሸሹ 150 ኪሎ-ሜትር መመከቻ ይጨምራሉ። በጀልባዋ ላይ ካለ ማናቸውም ማስተካከያ ይህን ያህል ትርፍ በነጻ የሚሰጥ የለም። ይሁን እንጂ ሰዎች የሚዘገዩት እዚሁ ላይ ነው። ወደ ነፋስ ሲወጡ ከጎን ሽቦው አጠገብ ተቀምጠው ይቆዩና አፍንጫው መጥለቅ ሲጀምር ነው ለመነሳት የሚሞክሩት።

በብርቱ ነፋስ ከነፋስ ለመሸሽ ሲታሰብ ሁለቱም ሰዎች ቀድመው ከኋላ አግዳሚው፣ ማለትም ሁለቱን ቀፎዎች ከኋላ ከሚያያይዘው ዘንግ፣ አጠገብ መድረስ አለባቸው። በትራፒዝ ሽቦ የተንጠለጠለው ረዳት የሚቆመው ቀፎው ላይ፣ ከኋላ አግዳሚው ትይዩ ወይም ከእሱም ኋላ ነው። የፊት እግሩን ቀጥ አድርጎ ይተክላል፣ የኋላውን ጉልበት አጠፍ ያደርጋል። ጀልባዋ በድንገት ስትዘገይ ሰውነቱ ወደፊት ይወረወራል፤ የሚያቆመው ያ የተተከለ እግር ነው። ሁለት እግር ገጥሞ የቆመ ሰው ተወርውሮ ከፊት ሽቦው ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ 70 ኪሎው በቅጽበት ከኋላ ወደ አፍንጫ ተዛወረ፤ ጀልባዋን ሊያድናት የሚችለው ክብደት ተቃራኒውን ሆነባት ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። ከኋላ አግዳሚው ወይም ከቀፎው ጭራ ላይ አንድ ገመድ ታስሮ በትራፒዝ ያለው ሰው በእጁ ይይዘዋል፣ አለዚያም በቀፎው ጭራ ላይ የእግር ማንጠልጠያ ይበጅለታል። ርዝመቱ ሰውየው ከኋላ በሚቆምበት ቦታ ሲሆን የሚወጠር ይሁን፤ ከረዘመ አይይዝም። ገመዱን በወገብ ላይ ማሰር ግን አይገባም፤ ጀልባዋ ከተገለበጠች ሰውየው ከሷ ጋር ታስሮ ይቀራል።

ቀላል የሆኑ ሁለት ሰዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የሆቢ 16 የውድድር ደንብ የሁለቱ ድምር ክብደት ከ129 ኪሎ እንዳያንስ የሚያደርገው ለፍትሐዊነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ለመዝናኛ ለሚወጣ ሰውም መለኪያ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆናችሁ 20 ኖት ለእናንተ ሌሎች 25 ኖት እንደሚሉት ነው።

የሞት ቀጠና

ካታማራን የሚነዱ ሰዎች የሞት ቀጠና የሚሉት የማዕዘን ክልል አለ፤ ነፋሱ ከአፍንጫው ከ75 እስከ 125 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ከጎን ሲመጣ። እዚህ ላይ ጀልባዋ ከሁሉም በላይ ጉልበት ታገኛለች፤ ያም ጉልበት የከለላውን አፍንጫ በቀጥታ ወደ ታች ይጫነዋል። ክፋቱ ደግሞ ገመድ መልቀቅ እንኳ ሙሉ በሙሉ አለመርዳቱ ነው። የዋናው ሸራ አግድም እንጨት ወደ ውጭ ሲከፈት ከጎን ሽቦው ጋር ይገናኝና ከዚያ አያልፍም። ጀልባዋ ስትቆም ነፋሱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ያ ሸራ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ሆኖም ነፋስ መያዙን ይቀጥላል።

ከዚህ ክልል በላይ፣ ወደ ነፋስ በሚወጣ አቅጣጫ፣ ገመድ ለቀቅ ሲደረግ ሸራው ይርገበገባል፤ ጉልበቱም ይጠፋል። ከክልሉ በታች፣ ነፋስ ከኋላ ሲሆን፣ ጀልባዋ ከነፋሱ ጋር ስለምትሮጥ ግፊቱ ይቀንሳል። በመካከል መቆየት ግን መጥፎ ነው። በ20 ኖት ነፋስ ከጎን ይዞ ቀጥታ ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ መሞከር ፈጣን ይመስላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ነፋስ ከፍ ብሎ ወጥቶ ቀጥሎ በአንድ ዙር ወደ ታች መውረድን ሁልጊዜ እመርጣለሁ። መንገዱ ይረዝማል፤ ጀልባዋ ግን ቀና ብላ ትደርሳለች።

ችግሩ ከላይኛው አቅጣጫ ወደ ታችኛው ለመሻገር የግድ ይህን ክልል ማቋረጥ ነው። ብርቱ ነፋስ ላይ ያለው ከባዱ ሥራ ይህ ዙር ነው። በትልልቆቹ ላይም የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2012 በሳን ፍራንሲስኮ የኦራክል ቡድን ባለ 72 ጫማ ካታማራን በአፍጢሟ የተደፋችው ከነፋስ ስትሸሽ ነበር። ሰኔ 6 ቀን 2017 በቤርሙዳ የኒውዚላንድ ቡድን ጀልባም የተደፋችው በውድድሩ መነሻ ላይ እንዲሁ ስትዞር ነው። መሐንዲስና ኮምፒውተር የሞላባቸው ቡድኖች ይህ ከደረሰባቸው፣ አንድ ኪራይ ጀልባ ላይ የወጣን ሰው ዙሩን ሳናስብበት ልናደርገው አይገባም።

ዙሩ እንዲህ ይደረጋል። በመጀመሪያ መሪ ያዡ ወደ ነፋሱ መምጫ ዞሮ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ውሃውን ያያል። የጠቆረ፣ የተሸበሸበ ገጽ ድንገቴ ነፋስ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ እሱ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ቀጥሎ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ረዳቱ ከሽቦው ሳይወርድ ነው የሚሸሸው፣ ምክንያቱም ወደ ውስጥ ከገባ የከለላው ቀፎ የባሰ ይጫናል። ሦስተኛ፣ ረዳቱ የጂቡን ገመድ፣ ማለትም ከምሰሶው ፊት ያለውን ትንሽ ሸራ የሚቆጣጠረውን፣ ገመድ ነክሶ ከሚይዘው ክሊት ጥርስ አውጥቶ 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ያህል ይለቃል፤ ከዚያም በእጁ ይይዛል እንጂ መልሶ አያስነክሰውም። አራተኛ፣ መሪ ያዡ ትራቨለሩን፣ ማለትም በኋላ አግዳሚው ላይ በሐዲድ የሚንሸራተተውን ማያያዣ፣ ወደ ከለላ ጎን ይለቃል።

አሁን ይዞራል። መሪው በአንድ ጊዜ አይገፋም፤ የተገፋ መሪ ውሃውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ፍሬን ማለት ደግሞ ያልነው መቆም ነው። በአንጻሩ ተጎትቶ የሚዘገይ ዙርም አያዋጣም፤ በሞት ቀጠናው ውስጥ አላስፈላጊ ሰከንዶችን ያሳልፋል። ሦስት አራት ሰከንድ የሚወስድ፣ ያልተቋረጠ፣ ለስላሳ ዙር ነው የሚፈለገው። አፍንጫው በሚዞርበት ልክ የዋናው ሸራ ገመድ በእጅ ውስጥ እየሾለከ ይለቀቃል። ገመዱ ከዙሩ ከቀደመ ምንም አይደለም፤ ከዘገየ ግን ሙሉ ጉልበት ከጎን ያገኛታል። የማዕበል ምርጫም አለ። አፍንጫው ማዕበል ጫፍ ላይ ሲወጣ ጀምሩ እንጂ ወደ ሸለቆው እየወረደ ሳለ አይደለም።

ነፋሱ ከኋላ ሲደርስ በአንዴ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ያታልላል። ብዙ ሰው እፎይ ብሎ ወደፊት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

የጂቡን ነገር ለብቻው ላንሳ። አፍንጫ ሲጠልቅ የሁሉም እጅ ወደ ዋናው ሸራ ገመድ ይሄዳል፤ ጂቡ በክሊቱ ተነክሶ እንደታሰረ ይቀራል። ዋናው ሸራ ተለቅቆ ጂቡ ብቻ ሲጎትት አፍንጫዋን ከነፋስ ያርቃታል፤ ወደ ነፋስ ልትወጣ ብትፈልግ እንኳ አትችልም፤ ወደ ሞት ቀጠናው መሃል ትገፋለች። ስለዚህ በብርቱ ነፋስ መጀመሪያ የሚለቀቀው ጂቡ ነው። ክሊቱ ማዕዘኑ የሚስተካከል ከሆነ ገመዱ ራሱ ገብቶ እንዳይነከስ ዝቅ አድርጉት፤ ሲፈለግ ብቻ ሆን ተብሎ እንዲያዝ።

ባለ ስፒኔከር ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባችሁ። ያ ትልቅ ፊኛ የመሰለ ሸራ በተዘረጋበት የዋናው ሸራ ገመድ የምሰሶውን ጫፍ ከኋላ ደግፎ የያዘ ነው። እሱን በድንገት መልቀቅ ምሰሶውን ሊሰብር ይችላል። እዚያ ላይ የሚለቀቀው የስፒኔከሩ ገመድ ነው።

ማዕበል

ረጋ ባለ ውሃ ላይ ከባድ ነፋስም ቢሆን ይቻላል። አደጋውን የሚያበዛው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ነው፤ ካታማራን ከማዕበሉ ፈጥና ስለምትሄድ የፊተኛውን ጀርባ ደርሳ ትወጋዋለች። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ኪኔሬትን፣ ማለትም የገሊላን ባሕር፣ ያውቁታል፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ነፋስ ከተራራው ወርዶ ጠዋት መስታወት የነበረውን ሐይቅ በአጭር ጊዜ ያናውጠዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሻማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ተመሳሳይ አጭር ማዕበል ያስነሳል።

ማዕበልን በቀጥታ ቁልቁል አትውረዱ። በሰያፍ ሂዱ፤ ከፊት ያለውን ጀርባ ዝቅ ያለበትን ቦታ እየፈለጋችሁ በዚያ እለፉ። ዐይን ያለማቋረጥ መሆን ያለበት የከለላው አፍንጫ ላይ ነው። የላይኛው ገጹ 30 ሴንቲሜትር ያህል በውሃ ሲሸፈን ፍጥነት የምትቀንሱበት ጊዜ ነው፤ ጂቡን ለቀቅ፣ ክብደት ወደ ኋላ። የሆቢ 16 መረብ፣ ሰዎች የሚቀመጡበት ማለት ነው፣ ከቀፎዎቹ ከፍ ብሎ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተሠራ ስለሆነ ቀፎው ለጥቂት ጊዜ ጠልቆ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ውሃው የፊት አግዳሚውን ከመታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አግዳሚው ራሱ ፍሬን ይሆናል።

አፍንጫው መጥለቅ ከጀመረስ? መልሱ በነበራችሁበት አቅጣጫ ይወሰናል። ነፋሱን ከኋላ ይዛችሁ ከሆነ ጂቡን ልቀቁ፣ በቀስታም ከነፋስ ይበልጥ ሽሹ። ይህ ዙር ክብደቱን ወደ ነፋስ ጎን ስለሚወረውር የከለላውን ቀፎ ያቃልለዋል። ደንግጦ ወደ ነፋስ መውጣት ግን በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ የሞት ቀጠናውን ያቋርጣል፣ ዙሩም ክብደቱን በከለላው ቀፎ ላይ ይጭናል። ብዙዎቹ አደጋዎች የተፈጠሩት እንዲህ ባለ ደመ ነፍሳዊ መሪ ነው። ወደ ነፋስ እየወጣችሁ ሳለ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱንም ገመድ ልቀቁና ወደ ነፋስ ውጡ። ሁሉም ቶሎ መሆን አለበት፤ ኋላዋ ከተነሳ መሪዎቹ ከውሃ ይወጣሉና እጀታውን ብታዞሩት የሚይዘው ነገር አያገኝም።

አቅጣጫ ለመቀየር ሸራው ከኋላ በኩል ከጎን ወደ ጎን ሲሻገር አብዛኛው ሰው ጀልባዋን ማዘግየት ይፈልጋል። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ከነፋሱ ጋር በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ ነው ሸራው ላይ ያለው ነፋስ አነስተኛ የሚሆነው፤ ማሻገርም ያኔ ነው።

ከመውጣት በፊት፣ አሸዋው ላይ

በውሃ ላይ ሊስተካከል የማይችል ብዙ ነገር አለ። የሆቢ 16 ዋና ሸራ ምሰሶው ጫፍ ላይ በመንጠቆ ይያዛል፤ ለማውረድ ምሰሶውን አዙሮ መንጠቆውን ማላቀቅ ይጠይቃል፤ በማዕበል ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ውሳኔው አሸዋው ላይ ይሰጥ። ከ17 እስከ 21 ኖት በቦፎርት መለኪያ 5 ነው፤ ከ22 እስከ 27 ደግሞ 6። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቁጥሩ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም፤ ከ19 ወደ 27 ኖት ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚነገረው አማካይ 18 ሆኖ ድንገቴው 26 ከሆነ፣ ዝግጅታችሁ ለ26 ይሁን።

ምሰሶውን ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ ሸራው የሚገፋበት ነጥብ ወደ ኋላና ዝቅ ይላል። ዳውንሆሉን፣ ማለትም ዋናውን ሸራ በምሰሶው በኩል ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ፣ አጥብቃችሁ ሳቡ፤ የሸራውን የታችኛውን ጠርዝም እንዲሁ። የተወጠረ ሸራ ሆዱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ ሸራ ደግሞ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ጂቡ የሚጠቀለል ከሆነ ለመጠቅለል አትፈሩ። በዋናው ሸራ ብቻ ጀልባዋ ወደ ነፋስ ለመውጣት ታደላለች፣ አቅጣጫ መቀየርም ይከብዳታል፤ ወደ ቤት ግን ታደርሳለች።

ውሃ ቀፎ ውስጥ ካለ የምትነዱት ጀልባ የምታውቋት አይደለችም። ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ዝቅ ባደረገች ቅጽበት ያ ሃያ ኪሎ ተንሸራቶ አፍንጫው ውስጥ ይከማቻል፤ መውጣት ባለበት ሰዓት ይጫነዋል። የማፍሰሻ ቡሾቹን በእጅ አጥብቁ፤ ጎማቸው የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት። ከየጉዞው በኋላ የሚወጣውን ውሃ ለኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሁለት ሊትር በላይ የሚያስገባ ቀፎ በብርቱ ነፋስ አይወጣም።

መሪዎቹ አሸዋ ሲነኩ እንዲነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የሚይዛቸው ምንጭ ከላላ ግን በፍጥነት ላይ ራሳቸው ይነሳሉ፤ እጀታው በቅጽበት ይከብዳል፣ ጀልባዋም ወደ ነፋስ ትሻማለች፤ ይህም ልክ በሞት ቀጠናው መሃል ሊሆን ይችላል። ወርደው ሲቆለፉ የሚሰማውን ቀጭታ ስሙ፣ በእጅም ሳቡና ፈትኑ። የሸራ ገመዶች ጭራ በእግር ስርና በመረቡ ላይ ተጠላልፎ እንዳይቀር፤ ያልሮጠ ገመድ ያልተለቀቀ ገመድ ነው።

አዳዲስ ካታማራኖች አፍንጫቸው ወፍራምና ቁመቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጠልቀው እንኳ ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ በመሪያቸው ጫፍ ላይ አግድም ክንፍ አላቸው፤ ኋላዋ ሲነሳ ክንፉ ወደ ታች ይስባታል። ያ መሣሪያ በእርግጥ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አይደለም፤ በሆቢ 16 ላይም አይገኝም።

ተደፍታ ከሆነ

መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል። ረዳቱ ከትራፒዙ መንጠቆ መላቀቁን፣ ከሸራው ስር አለመሆኑን አረጋግጡ። መንጠቆው በቀላሉ የሚላቀቅ ዓይነት ይሁን፤ ገመድ የሚቆርጥ ቢላዋም በተንሳፋፊ ጃኬቱ ላይ፣ በሁለቱም እጅ በሚደረስበት ቦታ ይኑር። ቀጥሎ የሁለቱም ሸራ ገመድ ከክሊት ይውጣ፤ አለዚያ ስትነሳ ያለ ሰው ትሮጣለች። ማንም ሰው ጀልባዋን ትቶ አይዋኝ፤ ነፋሱ ከዋናተኛ ፈጥኖ ይወስዳታል።

በጎኗ ተኝታ ከሆነ በታችኛው ቀፎ ላይ ወደ አፍንጫው ተራመዱ። ክብደታችሁ አፍንጫውን ሲያጠልቀው ጀልባዋ እየዞረች አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ትሰጣለች። ማንሻ ገመዱን በላይኛው ቀፎ ላይ አሳልፋችሁ በታችኛው ላይ ቆሙና ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ሆቢ 16ን ለማንሳት 135 ኪሎ ያህል ክብደት ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻውን አይበቃም። ምሰሶው ከውሃው ከተነሳና ነፋስ ከሸራው ስር ከገባ በኋላ ፈጥና ትመጣለች። ያኔ ከፊት አግዳሚው ስር ያለውን ዘንግ ያዙ፤ በሌላው ጎን ተመልሳ እንዳትወድቅ፣ ጥላችሁም እንዳትሄድ።

ፍጹም ተገልብጣ ምሰሶዋ ወደ ታች ከሆነ ሁለታችሁም ወደ አንደኛው ቀፎ ኋላ ጫፍ ሄዳችሁ ያን ማዕዘን አጥልቁት፤ ምሰሶው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይመጣና በጎኗ ትተኛለች። ምሰሶው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ከታሰረ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከመደፋት ባያድናትም ከጎኗ አልፋ እንዳትገለበጥ ይይዛታል። ለጀማሪና ለቀላል ሰዎች መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው እላለሁ።

ከተነሳች በኋላ ወዲያው አትሂዱ። ሸራው እየተርገበገበ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፤ የፊት ሽቦውን ከላይ እስከ ታች በዓይን ተከተሉ፣ መሪዎቹ መቆለፋቸውን ፈትኑ፣ ሁለቱን ቀፎዎች አንኳኩና ውሃ መግባቱን በድምፁ ለዩ። ጂቡን ጠቅልላችሁ በዋናው ሸራ ብቻ ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።